ነጯ በግ ያልገባችበት ደሴት

ይድረስ ለልጄ ለንግሥቴ ክንዱ፣ ቤይሩት።

ካለሁበት እስካለሽበት ድረስ የሚበቃ ሰላምታ ይምጣልሽ። እንዴት ሰነበትሽ የኔ ዓለም? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተወሽ ወይ? የምትሠሪላቸው ሰዎችስ እንቅልፍ ይሰጡሻል ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። የጎረቤታችን ልጅ ገነነ ልጻፍልዎ ቢለኝ እምቢ አልሁ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኋት ፊደል እስካሁን አልከዳችኝም። እሱ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ እንጂ ቃሉ የኔው ነው።

ነገሬ ይህ ነው። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንቺ የሄድሽ ዓመት ጣና ውስጥ ላለችው ደሴት ተስላ ነበር። ልትሞት ስትልም እጄን ይዛ፣ ንግሥቴ በሰላም አገሯ ከገባች ነጭ በግ አድርስልኝ አለችኝ። አንቺ ደግሞ በመስቀል ደውለሽ ኮንትራቱን አራዘምሁት አልሽ። እኔም ስለቱ ቢቀድም ነገሩ ይፈጥን ይሆናል ብዬ፣ በኅዳር መንገዱ ክፍት በሆነ ሰሞን ተነሣሁ። ቤታችን ያለችው ነጭ በግ አንዲት ናት፤ እሷም ሴት። አክስትሽ ወለተ ሐና፣ አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ገዳም እንስት አይገባም ብላ በር ላይ ቆመችብኝ። በግ ደግሞ ምን ሴት ምን ወንድ አላት ብዬ አይሱዙ ላይ ጫንኋት።

ጣና ዳር ደርሼ ጀልባ ተሳፈርሁ። ባለጀልባው መሀል ውሃ ላይ በጓን ገልበጥ አድርጎ ሴትነቷን አየ። ከዚያ ዋናውን መውረጃ ትቶ ደሴቷን በጀርባዋ ዞረ። ውሃው በገደል መካከል ሾልኮ የሚገባበት ወሽመጥ አለ። ግራ ቀኙ ጥቁር ቋጥኝ ነው፤ የዛፉ ሥር ውሃው ውስጥ ተጠማዟል፤ የሰው ድምፅ የለ፣ ደወል እንኳ አይሰማም። ሴቶች እዚህ ወርደው እዚሁ ጸልየው ይመለሳሉ፣ በግዎም ከነሱ ጋር ናት ብሎ አወረደኝ።

ልጄ፣ ግራ ገባኝ። እናትሽ ደሴቷን ተሳልሜ መጣሁ ስትል መቅደሱ ደጅ የደረሰች መስሎኝ ኖሬአለሁ። ለካ የተቀመጠችው እዚያ ወሽመጥ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ነው። በሴቶች መቀመጫ ብዛት እንደ ወፍጮ መጅ ለስልሷል። እኔም ተቀመጥሁበት።

አባ ኪዳነ ማርያም የሚባሉ መነኩሴ በገደሉ ወርደው መጡ። አባቴ፣ ይህቺ እንስት ናት አሉኝ። ለትዳር አላመጣኋትም አልኋቸው። አፋቸውን በኩታቸው ሸፍነው ሳቁ። ስለቱ ምን እንደሆነ ቢጠይቁኝ ነገርኋቸው። ታዲያ ልጅዎ አገሯ ገባች ወይ? አሉ። ኮንትራቱን አራዘመች አልኋቸው። ስትገባ አብራችሁ ኑ፣ እዚሁ ወርጄ እቀበላችኋለሁ ብለው ባርከውኝ ተመለሱ።

በጓን እየጎተትሁ ቤት ስገባ የአክስትሽ ሳቅ ከጓዳ ይሰማ ነበር። ይኸውልሽ፣ በገና ማግሥት በጓ ወለደች። ነጭ፣ ወንድ። ከኔ ከበግ አርቢው እርግዝናዋ ተሰውሮ! አሁን የስለቱ በግ ማን ነው? እናቲቱ ደሴት ደርሳ ተመልሳለች፤ እሱም በሆዷ ሳለ ደርሷል። አክስትሽ እሱ ነው ትላለች። እኔ እንጃ። እናትሽ ለይታ የነገረችሽ ካለ ላኪልኝ። እስከዚያ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ፤ ማንም አይነካውም።

ነይ ብዬ አልጽፍልሽም። ሥራሽን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔም ልመና አልለመድሁም። ብቻ ያ የእናትሽ ድንጋይ ለሁለት ሰው ይበቃል።

አክስትሽ ወለተ ሐና ጉንጭሽን ትስማለች። ገነነ ከነእናቱ ሰላም ብሎሻል። አብራሽ ያለችውን ሜላትን ሳሚልኝ፤ ስትታመሚ ያስታመመችሽን አልረሳሁም። ጠቦቱም ደኅና ነው። ቀንዱ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል፤ ካደገ ወዲያ ጀልባ ላይ ብቻዬን አልይዘውም።

አባትሽ ክንዱ
ከቡሬ ገጠር
የካቲት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.