ጫማሽን ቤት ውስጥ አድርጊ

ልጄ፣ ተኝተሽ እያለሽ ወጣሁ። እህቴ ዘንድ ነኝ፤ እስኪመሽ አልመለስም።

ድንች ቀቅዬ ድስቱ ውስጥ ከድኜዋለሁ። ስትወጪ ቁልፉን ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ስጪያት።

ባለፈው ቅዳሜ ጫማሽን በእጅሽ አንጠልጥለሽ፣ በእግር ጣቶችሽ እየረገጥሽ ወደ ሐይቁ ስትወጪ ነቅቼ ነበር። የአሮጊት እንቅልፍ ታውቂዋለሽ። ከገዛ ቤትሽ እንደ ሌባ መውጣትሽ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ። ዛሬ እኔ ቀድሜሻለሁና ጫማሽን ቤት ውስጥ አድርገሽ ውጪ።

ከበሩ ኋላ ያለውን ቦርሳ ተዪው። ብርድ ልብሱንም፣ ጃንጥላውንም፣ ፊሽካውንም፣ ፋሻውንም ያጨቅሁት እኔ ነኝ። ላንቺ ለነርሷ ፋሻ ማሸግ ምን ይሉታል። «አያቴ፣ ዓሣ ላጠምድ ነው እንጂ ቤት ልቀይር አይደለም» ስትዪኝ ግን ተቀይሜሻለሁ።
እንዲያም ሆኖ ክርሽና መንጠቆሽ ይበቁሻል።
ኮፍያሽን አድርጊ። እሱን አልለምንሽም፣ አዝሻለሁ።

ደክሞኛል ልጄ። መስጋት ሥራ ሆኖብኛል፣ ጡረታም የለው።

ድሮ ከሐይቁ ስትመለሺ ሸምበቆው ላይ ስለምታርፈው ሰማያዊ ወፍ ትነግሪኝ ነበር። እኔ ደግሞ ወሬሽን አቋርጬ «ውኃው እስከ የትሽ ደረሰ?» እያልኩ አፍሽን አስዘጋሁሽ። አሁን ዓሣውን ማጠቢያው ላይ አስቀምጠሽ ዝም ብለሽ ወደ ክፍልሽ ትገቢያለሽ።

ዛሬ ዓሣ ባትይዢም ግድ የለም። ማታ ስለ ወፏ ንገሪኝ።
ስለ ውኃው ብጠይቅሽ አትመልሺልኝ።