ያልተነፋ አፈር

ይድረስ ለልጄ ለሁንዴ፣ ፈረንሳይ አገር።

አካም ጅርታ፣ የኔ ጌታ? ባሕሩን ያሻገረህ አምላክ በሰላም ይመልስህ። እኛ አዳማ ደህና ነን፤ ጥጃችን ግን ሞተች። ከማሳችን በላይ የጥይት እርሳስ የሚያቀልጠው ሳሊህ የሚደፋውን አመድ ስትልስ ነበር የከረመችው። ሽማግሌዎቹ ቡዳ በላት አሉ። እኔ ግን ዝናብ ሲጥል ያ አመድ ወደ ጎመኑ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ሳሊህንም ምድጃህን አንሳ ብዬው አንስቷል።

ላስመርምረው ያልከውን አፈር በባቡርና በመርከብ ልኬልሃለሁ፤ በቀዩ ጨርቅ ያለው ከአመዱ ሥር፣ በነጩ ያለው ከማሳው ዳር የተቆፈረ ነው። መጀመሪያ እህትህ ደራርቱ «ለፈረንጅ ጠጠር ያለበት አፈር መላክ ነውር ነው» ብላ እንደ ዱቄት ነፍታ፣ ሁለቱንም ባንድ ቁና ደባልቃ ጠበቀችኝ። ደፋሁትና ከነጠጠሩ እንደገና ቆፈርኩ። ወንፊቱንም ዳግመኛ ዱቄት እንዳይነፋበት ጣልኩት፤ ስለዚህ አኩርፋለች። ታኩርፍ! ፀንሳለች፤ ከዚያ ጎመን አንዲት ቅጠል አላስቀምሳትም።

ጎረቤቱ ሁሉ እየዘራ ነው። «ዲንቄ መሬቷን ጦም ልታሳድር ነው» ብለው ያሙኛል። ይሙኝ፤ መልስህ ሳይደርስ አንዲት ፍሬ አልጥልም።

አደራህን፣ የአባቴ መሬት ነው፣ እናቴም ታዝናለች ብለህ አትሸፋፍንልኝ። ክፉ ከሆነ ክፉ ነው በለኝ፤ አጥሬ እተወዋለሁ። አምላክ እጅህን ይባርክልኝ፤ አንደበትህን ደግሞ እኔን ከማባበል ይጠብቅልኝ።

እናትህ ዲንቄ