ከባሌ ጎን ስላስቀመጠኝ ምርጫ

ለተከበሩ የወረዳችን የምርጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዲበዛ፣ ሥልጣንዎ እንዲጸና፣ ጉልበትዎም እንደ እኔ ጉልበት በሌሊትና በዳገት እንዳይፈተን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኒየቬስ ቾቄታርኪ እባላለሁ። ኤል አልቶ ከተማ በልብስ ስፌት የምተዳደር፣ በመዝገብዎ ግን እስከ ዛሬ የዋይላቆታ መንደር ነዋሪ የሆንኩ ዜጋ ነኝ። ባለፈው ምርጫ የዋሉልኝን ውለታ በልቤ ብቻ ይዤው ብቀር ነውር ስለመሰለኝ፣ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሳሁ።

አንደኛ፣ ወደ ትውልድ መንደሬ ስለመለሱኝ አመሰግናለሁ። ባሌን ኤሎይን ጥዬ ስወጣ ያንን አፈር ዳግመኛ ላልረግጥ ምዬ ነበር። መምረጥ ግን ግዴታ ነው፤ የመረጥኩበትን ማረጋገጫ ካላሳየሁ ባንኩ ደመወዜን አይሰጠኝም። ስሜን ወደ ከተማ ለማዛወር ደጅዎን ብጠናም ጊዜው አልፏል ተባልኩ። ስለዚህ መሐላዬን አፍርሼ በዋዜማው አባቴ ቤት ገባሁ።

አባቴ ካሲያኖ ሰባ ዓመት ስላለፈው ሕጉ አያስገድደውም። እሱ ግን የሠርግ ኮፍያውን እየወለወለ ጠበቀኝ። ማስገደዱን ሳማርርበት፣ «ልጄ፣ አያትሽ ፊደል አልቆጠርክም ተብሎ ከምርጫ ሳጥኑ ደጃፍ ተባሯል። ግዴታ ባይሆን ይህን ሳጥን እዚህ ዳገት ላይ ማን ተሸክሞ ያመጣልን ነበር?» አለኝ።  

ሁለተኛ፣ ማልዶ መነሳቴን ስላከበሩልኝ አመሰግናለሁ። ማንም ሳያየኝ ድምፄን ሰጥቼ ልሸሸግ ብዬ ከሰልፉ ሁሉ ፊት ቆምኩ። ከአስመራጮቹ አንዷ ቀረች፤ የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛም በሕጉ መሠረት ከሰልፉ የመጀመሪያዋን ሰው ማለትም እኔን በቦታዋ አስቀመጠኝ። እምቢ ማለት ያስቀጣል። የጠረጴዛው ሰብሳቢ ማን ሆኖ ቆየኝ ቢሉ፣ በዕጣ የወጣው ኤሎይ።

ከጠዋት እስከ ማታ ትከሻ ለትከሻ ዋልን። ግራ ጆሮዬን ያደነቆረው እጅ ማኅተሙን እየመታ ዋለ። በግራዬ በኩል ስላስቀመጡት ግን እግዜር ይስጥልኝ፤ ሲያንሾካሹክልኝ የዋለውን ሁሉ አልሰማሁም። መንደሩ በሙሉ በፊታችን አለፈ። የኤሎይ እናት ዶኛ ሲክስታ ለሁለታችን በአንድ ሳህን የደረቀ ድንች ሾርባ አመጣችልን። ከጠረጴዛው መነሳት ክልክል ስለሆነ፣ ርቦኝም ስለነበር በላሁ። ሰዉም አይቶ ታረቁ አለ።

ብቻዬን የሆንኩት ድምፅ በምንሰጥበት መጋረጃ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሠራተኛዎ ጉሮሮውን ጠርጎ እስኪጠራኝ ድረስ ቆየሁበት። ለማን እንደሰጠሁ አልነግርዎትም። ድሮ ለኤሎይ ስታጭ ትፈልጊዋለሽ ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ በሩን ዘግተው ተቀምጠው ነበርና አዎ አልኩ። ድምፅ መቁጠር የእርስዎ ሙያ ነውና፣ እንዲህ ያለው አዎ ከምን እንደሚቆጠር ቢያስተምሩኝ ባለውለታዎ ነኝ። ሳጥኑን ወደ እኔ ማምጣት ግዴታዎ ይሁን፤ አባቴ እውነቱን ነው። እኔን ወደ ኤሎይ ማምጣት ግን የማን ግዴታ ነው?

ሦስተኛ፣ መንገዱን ስለዘጉልኝ። በምርጫ ቀን መኪና እንዳይንቀሳቀስ ሕግ ነው። ቆጠራው አልቆ ስወጣ፣ አባቴ የእርቁን ወሬ ሰምቶ፣ በደስታ እያለቀሰ ጓዜን ኤሎይ ቤት አድርሶታል። ኤሎይም ድምፅ በተሰጠበት ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «መኪና የለም። የት ልትሄጂ ነው? ነይ ቤትሽ ግቢ» አለኝ። 

«በእግሬ» አልኩት።

ኤሎይ ቤት ደጃፍ ሄጄ ጓዜን ከዶኛ ሲክስታ እጅ ጎትቼ ወሰድኩ። ከመንደሩ ከወጣሁ በኋላ ትከሻዬን ሰው ነካኝ፤ አባቴ ነበር። በግራዬ በኩል እየሮጠ ሲጣራ ቆይቶ ኖሯል።

«ስጠራሽ አትሰሚም?» አለኝ።

«በዚህ ጆሮዬ አልሰማም። ኤሎይ ነው።»

ይህን ለእሱ ተናግሬ አላውቅም ነበር።  እሱም ጓዜን ከጀርባዬ አውርዶ በራሱ ጀርባ አዘለው፤ በቀኜ በኩል ዞሮም አውራ ጎዳናው ድረስ አብሮኝ ሄደ። ስለ ሕጉም ስለ ሳጥኑም ሁለታችንም አላነሳንም። ንጋት ላይ መኪናው ሲመጣ ኮፍያውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀኝ። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰው ይቅርታ ጠይቆኛልና እርስዎ አይድከሙ።

ለዘላለም በመዝገብዎ ከሰፈሩት፣ መውጫውን ግን ካላገኙት ዜጎችዎ አንዷ፣ በግዴታ ታዛዥዎ፣ በውዴታ አክባሪዎ፣

ኒየቬስ ቾቄታርኪ

ማስታወሻ፦ ለሁለተኛው ዙር በዕጣ አስመራጭ ሆኜ መመረጤን፣ በዚያው መንደር፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ በዚያው ሰብሳቢ ሥር መመደቤን የሚገልጸው ደብዳቤዎ ትናንት ደርሶኛል። እንኳን ደስ ያለሽ ይላል። እንደማልቀር እርስዎም ባንኩም ታውቃላችሁ። አደራ የምልዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንበሬን በበሩ በኩል ያድርጉልኝ።