እማዬ የተወነችበት ፊልም

ለናፈቅሽኝ እህቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

የመመረቂያ ፊልሜ አለቀ፤ እኔም አብሬው አለቅሁ። ድርሰቱንም ዝግጅቱንም ብቻዬን ይዤ አሳሬን በላሁ። እናት ሆና የምትሠራው ተዋናይ በቀረጻው ጠዋት ሳትመጣ ስትቀርብኝ፣ እማዬ «እኔስ እናት አይደለሁም እንዴ?» ብላ ሻርፗን አስተካክላ ገባችበት።

እኔ የጻፍኩት እናትየው ደረጃውን በሩጫ ስትወጣ ነበር። እማዬ ግን መሃል ላይ ቆም አለችና የብረቱን መደገፊያ ያዘች። ካሜራ የያዘው ጓደኛዬ «ይደገም?» ሲለኝ «ይበቃል፣ ውሃ ስጧት» አልኩት። እሷማ «ምን ሆንኩና!» ብላ ሳቀችብን። አሁን የምትተኛው ምድር ቤት ሶፋው ላይ ነው፤ ላይኛው ክፍል ይቀዘቅዛል ትላለች።

ፊልሙ ለክፍሉ ሲታይ አስተማሪዬ «ደረጃው ላይ የቆመችው አቋቋም ልብ ይነካል፤ እንዴት አድርገህ አስጠናሃት?» አለኝ። «ብዙ ተለማመድን» አልኩት። ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እህትዓለም፣ የዓመት ፈቃድሽን ለክረምት ከምታቆዪው አሁን ብትወስጂውስ? እኔ እንዳልኩሽ ግን ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ልጆቹን ሳሚልኝ።

አንቺኑ የሚጠብቅ ታናሽ ወንድምሽ