አማች ባለበት

ጥቅምት 8
ዛሬ ተለማማጅ ሐኪም ሆኜ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባሁ። ሁለት ወር እዚሁ ነኝ። ኧረ ብርዱ! አለቃዬ ዶክተር ምንይሉ ራውንድ ላይ፣ ሕሙማን ስንጎበኝ፣ አንድ ነገር ደጋገሙልኝ፦ «መቅደላዊት፣ ቀዶው ግማሽ ሥራ ነው። ግማሹ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።» እሺ አልኩ። ምን ገባኝና?

ጥቅምት 9
እማማ ይዘንጋሽ ከገጠር፣ ከቀየት ማዶ በቃሬዛ መጡ። አንጀታቸው ተጠምዝዞ፣ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ። የተጠመዘዘው ተቆርጦ ወጣ፣ የቀረው ተሰፋ። ቆሜ እግሬ ደነዘዘ። አስታማሚያቸው አማቻቸው እሱባለው ነው። ልጃቸው አራስ ስለሆነች መምጣት አልቻለችም።

ጥቅምት 10
አስነሣኋቸው። «ትናንት ቀደዳችሁኝ፣ ዛሬ ደግሞ ተራመጂ?» ብለው ተቆጡ። ካልተራመዱ እግር ውስጥ ደም ይረጋል፣ ሳንባም ይታመማል አልኳቸው። እኔን ተደግፈው እስከ መስኮቱ ደረሱ። ጎበዝ!
አንጀት እስኪነቃ በአፍ ምንም አይገባም። መንቃቱ የሚታወቀው አየር ሲወጣ ነው። ፈስ ማለት ነው... ለራሴ ስጽፈው እንኳ አፈርኩ፣ ወይ ጉድ!

ጥቅምት 12
«እማማ፣ አየር ወጣልዎት?»
«ኤዲያ! የምን አየር?»
ካርዱ ላይ «አልወጣም» ብዬ ጻፍኩ።

ጥቅምት 13
ዛሬም አልወጣም። ሆዳቸው ትንሽ ተነፍቷል፣ ግን ለስላሳ ነው። ትኩሳት የለም። የማይገጥም ነገር አለ... ምን አጎደልኩ?

ጥቅምት 14
ዶክተር ምንይሉ ካርዱን አዩ። ከዚያ፣ «አምስተኛ ቀን ነው። እስከ ነገ ካልወጣ እንደገና እንከፍታለን» አሉ። እንደገና! በሰባ ዓመታቸው... ይችሉታል?
ኮሪደር ላይ እሱባለው ጠበቀኝ። ባርኔጣውን በእጁ ያሻሻል።
«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልናገር። እንዳይነግሩብኝ።»
«ምን?»
«ወጥቷል።»
«ምኑ?»
መሬት መሬት አየ። «ያ... በየጠዋቱ የሚጠይቋቸው። ትናንት ከኪዳን ስመለስ በሩ ላይ ሰማሁ። ኮቴዬን አጥፍቼ ተመለስኩ። ዛሬማ እፎይ ይበሉ ብዬ ፀሐይ እስክትወጣ ግቢውን ስዞር ቆየሁ።»
በዚያ ውርጭ!
እኔ ሞኟ ደግሞ በየቀኑ አማቻቸው ፊት ነበር የምጠይቃቸው።
አስታማሚዎችን በሙሉ አስወጣሁ። መጋረጃውን ሳብኩና አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ። «እማማ፣ አሁን እኔና እርስዎ ብቻ ነን።»
ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድልኝ ብቻ። ቀኑን ሙሉ ይዤው እውላለሁ፣ ሆዴን ቆረጠኝ።»
«ዳግመኛ ሊቀዱዎት እኮ ነው!»
«ሰምቻለሁ። የልጄ ባል ፊት ከማፍር ብቀደድ ይሻለኛል።»
አለቀስኩ? አዎ፣ ትንሽ። አንጀቴን በሉት። ሄጄ ስሕተቴን ለዶክተር ምንይሉ ተናገርኩ። ራሳቸው መጥተው የእማማን ሆድ ዳሰሱ፣ አዳመጡ፣ ቀዶውን ሰረዙ። «ጥያቄሽ ልክ ነበር፤ ቦታው ነው ያልሆነው» አሉኝ። ምነው በጮሁብኝ! ከሰዓት ውኃ በማንኪያ ጀመርን።

ጥቅምት 15
አጥሚት ጠጡ። «ጨው የለውም!» ብለው አማረሩ። ደስ አለኝ።

ጥቅምት 19
ራውንድ ላይ አሁን መጀመሪያ አስታማሚ ይወጣል፣ ከዚያ ነው የምጠይቀው።
እማማ ይዘንጋሽ ዛሬ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቁስሉ ደርቋል፣ ክሩ ወጥቷል። እሱባለው መኪና ሊያናግር ወጣ ሲል እጄን ያዝ አደረጉኝ።
«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እሱባለው ምንም አልሰማም አይደል?»
ሕመምተኛ ዋሽቼ አላውቅም። እንዳልዋሽም ነው የተማርኩት።
«ምንም አልሰማም እማማ። ኪዳን ነበር።»
«ተመስገን! እመብርሃን ታሳድግሽ» አሉ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ አማቻቸው ሄዱ።
አሁንም ቢጠይቁኝ እዋሻለሁ።