ሁሉን የሚያስማማ ኮላ

ሰኞ

አስካለ ድስቱን ነጠቀችኝ። ውኃ ጥጄ፣ ለኮላ የሚፈላውን የበሬ ቆዳ ቁርጥራጭ ላስገባ ስል ደረሰችብኝ። «በሁዳዴ፣ እኔ ቤት፣ ቆዳ አይቀቀልም! የሽሮዬ ድስት እኮ ነው!» አለች። ሚስቴ እውነቷን ነው፤ እኔም ጿሚ ነኝ። ሃያ ዓመት የባቡር ፉርጎ ወንበር ሳጣብቅ የኖርኩ አናጢ ድስት ተቀምቼ ቀረሁ።

ሥራው የአደር ጉሌድ ነው። ከድልድዩ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር የሚኖሩ ሶማሌ ሽማግሌ ናቸው፤ አደር የምንላቸው አጎት ለማለት ነው። የአባታቸው የቀስት ደጋን ከተሰበረ ወዲህ ለአዲስ የሚሆን እንጨት መርጠው፣ ጠርበው፣ ጣሪያ ሥር ሰቅለው ሦስት ዓመት አደረቁት። ጀርባው ላይ የግመል ጅማት መለጠፍ ብቻ ቀረ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ለእኔ ሰጡኝ። «ሌላ እንጨት የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም። አደራ» አሉኝ።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ኮላ ሳማርጥ ዋልኩ።

ከቆዳ የሚፈላው። ለጅማት እሱን የሚያክል የለም። ግን አስካለ።

ወርክሾፕ ያለው ደረቁ የውጭ ኮላ። ከአጥንት ነው የሚሠራው። አደርን ባማክራቸው «የምን እንስሳ አጥንት?» አሉ። አላውቅም አልኩ። «የአሳማ ቢሆንስ? እንግዲያው ደጋኔን አይነካም።»

ነጩ ኮላ። እንስሳ የለበትም፣ አይሸትም፣ እሳት አይፈልግም።

ቆዳውን ወርክሾፕ ላፍላው እንዳልል፣ በመንግሥት እሳት የግል ሥራ የሠራን ሰው ካድሬው ስብሰባ ላይ ያነሣዋል። ባለፈው ወር አንዱ ለልጁ የአልጋ እግር ሲጠርብ ተገኝቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሂስ ወረደበት።

ነጩን መረጥኩ። ሃይማኖትም አብዮትም የማይቆጣው ኮላ! ብቻዬን ሳቅሁ።

ረቡዕ

ጅማቱን ቀጥቅጬ ክር ክር አደረግሁት፣ ኮላ እየነከርኩ ደረደርኩት። ሲያምር! አደር መጥተው በጣታቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱት። «አይሸትም» አሉ። «ጥሩ ኮላ ነው» አልኩ። የቱ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። የቆዳው መስሏቸው ይሆናል፤ መሰላቸው እንጂ እኔ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ነጩ ኮላ በሙቀት እንደሚለሰልስ አውቃለሁ። የድሬ ፀሐይ የፈታታውን ስንት ወንበር መልሼ አጣብቄያለሁ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

ሦስት ሳምንት አልፎ፣ ሐሙስ

ተሰበረ።

ግቢዬ ውስጥ ነበርን፣ ቀትር ላይ። አደር ገመዱን ወጥረው ግድግዳው ላይ አስደግፈውት ሻይ ጠጣን። ፀሐዩ ደጋኑ ላይ ነበር። እያየሁት ነበር። ተነሥተው አንዴ ሳቡት፤ ፊታቸው በራ። ሁለተኛ ሲስቡት ጅማቱ ከጀርባው ተላጠ፣ እንጨቱም ቀጭ ብሎ ለሁለት ሆነ።

አደር ጎንበስ አሉ። ኮላውን በጥፍራቸው ፋቅ ሲያደርጉት እንደ ማስቲካ ተሳበ። ቀና ብለው አዩኝ። ስብርባሪውን በሽርጣቸው ጠቅልለው ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

የቀረበልኝን ሽሮ መለስኩት። አስካለ «በእኔ ድስት የተነሣ ነው አይደል?» አለች። አይደለም አልኳት። የዋሸሁት እኔ፣ ድስት የተከለከልኩትም እኔ። ከሥራ ስወጣ ወደ አደር ቤት መንገድ ጀመርኩና የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ደረስኩ። ተመለስኩ።

ቅዳሜ

ሄድኩ። ጾሙን፣ ድስቱን፣ ካድሬውን፣ ነጩን ኮላ፣ እያወቅሁ መለጠፌን፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጨርሼ አንገቴን ደፋሁ።

«አቦ፣ አንተ ልጅ» አሉ። «እኔ ቤት መች ጾም ነበረ? ድስት አለኝ። እሳት አለኝ። ለምን ተሻግረህ አልመጣህም?»

 ድልድዩን ተሻግሮ እሳቸው ቤት መድረስ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። የሁሉንም ሃይማኖት ስጠብቅ የደጋኑን ባለቤት ድስት መጠየቅ አቃተኝ። እንዴት እንዳፈርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሌላ እንጨት አመጣለሁ አልኩ። «የወንበር እንጨት?» ብለው ሳቁ። የእውነት ሳቁ። ከዚያ ጥላሸት የጠገበ ድስት አወጡ፣ ውኃ አሞቁና ጅማቱን ከፊቴ አስቀመጡ። «ይኼን ኮላህን እጠብልኝ። ጅማቱ ገና ደኅና ነው።»

እስከ አሥር ሰዓት ተቀምጬ አጠብኩ። ክር በክር። እሳቸው አጠገቤ ሆነው እያንዳንዱን እየተቀበሉ ገመድ ላይ አሰጡት። ሌላ እንጨት ለመድረቅ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ሦስት ዓመት ነው።