ወይዘሪት ቲርዛ ጎትስና ከስማቸው ጎን ያለው መስቀል

ወይዘሪት ቲርዛ ጎትስ ከአባታቸው ከአቶ ኦባዳያ ጎትስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኬዚያ ቤትስ በእንግሊዝ አገር በኖርፎክ ረግረግ ዳር በምትገኘው በሃድሲ መንደር እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1931 ተወለዱ። አባታቸው እባብ የሚመስለውን የረግረግ ዓሣ እያጠመዱ፣ እናታቸው የሸምበቆ ቅርጫት እየሠሩ በሥነ ሥርዓት አሳደጓቸው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ ትምህርት ቤት ገብተው፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በኖርዊች ከተማ አጠናቀቁ። በ1952 በእንግሊዝኛ ቋንቋ ታሪክ ከዩኒቨርሲቲ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። በቤታቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ በቀር አንድም መጽሐፍ እንዳልነበረ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያው ዓመት በአንድ የመዝገበ ቃላት ዝግጅት ቢሮ ተቀጠሩ። ሥራቸው የጥንት ቃላት ከየት እንደመጡና መቼ እንደቀሩ መመርመር ነበር። ለአንድ ቃል አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትያዝለታለች፤ ከላይ ቃሉ፣ ከሥሩ ማን መቼ እንደተጠቀመበት ይጻፋል። በጽሑፍ ላይ ለረጅም ዘመን ያልታየ ቃል ከጎኑ ትንሽ መስቀል ይደረግበታል፤ ሞቷል ማለት ነው። አክስቴ፣ የአባቴ እኅት፣ በዚያን ጊዜ ወጣት ነበሩ፤ ለመስቀሉ እጃቸው ፈጣን ነበር።

በ1964 ተራው «ሮክ» ለሚለው ቃል ደረሰ። ሮክ ከረግረጉ ተነሥቶ ሜዳውን የሚውጠው ጉም ነው፤ ከባሕር ማዶ ከሰሜን የመጡ ሰዎች ትተውት የሄዱት ቃል ነው ይባላል። አባታቸው በየመኸሩ ሲሉት እየሰሙ ነው ያደጉት። ይሁንና የቢሮው ደንብ የሚቆጥረው የተጻፈውን እንጂ የተነገረውን አልነበረም። እያወቁ መስቀሉን አደረጉበት።

በኦክቶበር ለዕረፍት ወደ ሃድሲ ሲመጡ የታተመውን ገጽ ይዘው መጡ። አያቴ አቶ ኦባዳያ ምሳቸውን እየበሉ አነበቡት። «በይ እንግዲህ፣ እኔም ሞቻለኋ! ትናንት ጠዋት እኮ ብዬዋለሁ። ምናለ ልጄ፣ እስክቀበር እንኳ ብትታገሺ?» ብለው ሳቁ፤ ቤተሰቡም ሳቀ። በማግስቱ አያቴ ጀልባቸውን ይዘው ወጡ፤ ጉሙም ተነሣ። ጀልባዋ በሦስተኛው ቀን ባዶዋን ተገኘች። ሁለቱን ነገር ያያያዘባቸው ሰው አልነበረም፤ ያያያዙት አክስቴ ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ቢሮውን ትተው በሃድሲ ትምህርት ቤት እስከ 1991 አስተማሩ። በትርፍ ጊዜያቸው በብስክሌት እየዞሩ ቃላትን ከሽማግሌዎች አፍ ይለቅሙ ጀመር። ለራሳቸውም ደንብ አወጡ፤ የአንድ ቃል የመጨረሻው ተናጋሪ አፈር ሳይለብስ በዚያ ቃል ላይ መስቀል አይደረግም። ስለዚህ በየቀብሩ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይቆሙ ነበር። የሚቆሙትም ዛሬ አስከሬናቸው ባረፈበት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለጣሪያ በር ሥር ነበር። የበሩ ስም ገላ ማለት ከነበረ ጥንታዊ ቃል መምጣቱን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ ቃሉ ሞቶ በሩ ቀርቷል።

መንደሩ ግን ፈራቸው። ቃል የሰጧቸው ሽማግሌዎች ዓመት ሳይሞላቸው አንድ በአንድ ሲያልፉ ሰው መቁጠር ጀመረ። ወይዘሮ ዶርካስ ላርተር የአክስቴን ብስክሌት ባዩ ቁጥር በመስኮት ብቅ ይሉና «ሂጂልኝ ቲርዛ! እኔ ጋ ያረጀ ቃል የለም፤ አፌ እንደ ሕፃን አፍ አዲስ ነው!» ይሉ ነበር። አንድም ቃል ሳይሰጡ ዘጠና ስምንት ዓመት ኖሩ። በ1969 አክስቴን አጭተው የነበሩት አናጢው አቶ አሞስ ቡንም አንድ ቀን ስለ ቀይ ደረቷ ወፍ ሲያወሩ አያቶቻቸው ይጠሯት በነበረው ጥንታዊ ስም ጠሯት። አክስቴ ወረቀታቸውን አወጡ፤ እጮኛቸው በማግስቱ ቀለበቱን አስመለሱ። አክስቴ ከዚያ በኋላ ትዳር አልያዙም። በዚህ ሲቀለድ አብረው ይስቁ ነበር፤ ልባቸው ግን ተጎድቶ ነበር።

በሴፕቴምበር 2019 በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ገቡ። በኖቬምበር 12፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ሐኪሙ ከነገ እንደማያልፉ ሲነግረኝ ሰምተው ዓይናቸውን ገለጡ። «ነገ አይደለም። ኦቨርሞሮው» አሉ። ከነገ ወዲያ ማለት ነው። አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይገኛል፤ ከዚያ ወዲህ አገሩ ረስቶት በእኛ ቤት ብቻ ሳይቋረጥ ቆየ። እንዳሉትም ሐሙስ ጠዋት፣ ኖቬምበር 14 ቀን፣ በተወለዱ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከቀሩት ወረቀቶች ሁሉ ቃሉ ላይ መስቀል የሌለባት ይህቺው የኦቨርሞሮው ወረቀት ናት። ከቃሉ ሥር በእሳቸው የእጅ ጽሑፍ የአራት ተናጋሪዎቹ ስም ሰፍሯል። አያቴ፣ መስቀል። አባቴ፣ መስቀል። ቲርዛ፤ የእሳቸውን መስቀል ዛሬ ከቀብሩ በኋላ እንዳደርግላቸው አዝዘውኛል። አራተኛው የእኔ ስም ነው። ሳያስፈቅዱኝ ጽፈውት፣ ከጎኑ ትንሽ ባዶ ቦታ ትተዋል።

ይህን ታሪክ ጽፌ የማነብላችሁ የወንድማቸው ልጅ ሜርሲ ጎትስ ብቸኛዋ የሥጋ ዘመዳቸው ነኝ። የሕይወት ታሪክ የሚነበበው ስለ ሟች እንጂ ስለ አንባቢው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ይቅር በሉኝ። እፈራለሁ። ከዚህ በር ስትወጡ እያንዳንዳችሁ አንድ ጊዜ ብቻ «ኦቨርሞሮው» በሉ፤ ለልጆቻችሁም ንገሩ። ከአራተኛው ስም በታች ገና ብዙ ስም የሚይዝ ቦታ አለ። ብቻዬን አትተዉኝ።

እግዚአብሔር የአክስቴን ነፍስ ከአባታቸው ጎን ያሳርፍልን፤ ለእኛም ነገንና ከነገ ወዲያን አይንሣን። አሜን።